በመኪና የመረጃ መስመር ላይ መልእክት እንዴት ይውጣ? አምስት መንገዶች ሲመዘኑ

ከቃሊቲ ወጥቶ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ፣ ገላን በሚገኘው ጋራዣችን በር ላይ አንድ ቀን ማቀዝቀዣ ያለው የጭነት መኪና ቆመ። ከዝዋይ ጽጌረዳ ጭኖ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ነበር። በሹፌሩ ፊት ያለው ትንሽ ማሳያ የጭነቱ ሙቀት 4 ዲግሪ ነው ይላል። የኋላው በር ሲከፈት ግን ፊታችንን የመታን አየር ሞቃት ነበር። ባለንብረቱ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው፣ ማሳያውን በጣታቸው እያመለከቱ «ልጄ፣ አራት ይላል እኮ!» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ ግን ይህ ቁጥር የቆየ ነው» ከማለት ሌላ የምመልሰው አልነበረኝም።

ሙቀት ለኪው የተዋቀረው ሙቀቱ ሲለወጥ ብቻ መልእክት እንዲልክ ነው። በመንገድ ላይ የኃይል ሽቦው ላልቶ ወለቀና የለኪው ሳጥን ኃይል አጥቶ ዝም አለ። ማሳያው በበኩሉ አዲስ ነገር ስላልደረሰው የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ቀረ። ማሳያው አልተበላሸም፣ የመረጃ መስመሩም ደህና ነበር፤ ሳጥኑን የገጠመው ባለሙያ በኮምፒውተር የመረጠው አንድ ቅንብር ግን የአንድ ሙሉ ጭነት አበባ አስጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ተጨማሪ ዕቃ መኪና ላይ ከመግጠሜ በፊት የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ መልእክቱ ቢቋረጥ ተቀባዩ ምን ይገባዋል?

ይህ መመሪያ የተጻፈው የሙቀት መለኪያ፣ የነዳጅ ሴንሰር፣ የበር ማንቂያ ወይም የባትሪ መቆጣጠሪያ በመኪናቸው ላይ ሊያስገጥሙ ላሰቡ ባለንብረቶችና ለሚገጥሙት ኤሌክትሪሺያኖች ነው። የማዋቀሪያው ገጽ ሲከፈት በርካታ ምርጫ ይቀርባል፤ ሻጩም ብዙውን ጊዜ «እንደመጣ ተወው» ይላል። እንደመጣ መተው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከላይ አይተናል።

መስመሩን በአጭሩ

ካን የሚባለውን የመረጃ መስመር ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ማበልጸግ ጀምሮ በ1986 ዲትሮይት ላይ ይፋ አደረገው። ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ናቸው፤ የሞተሩ፣ የፍሬኑና የማርሹ ኮምፒውተሮች በእነዚህ ላይ በየተራ ይናገራሉ። የሚናገረው ለሁሉም ይናገራል፣ የሚፈልገው ይሰማል። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ቅጽበት ቢጀምሩ የመለያ ቁጥሩ ያነሰው መልእክት ያልፋል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። አንድ መልእክት ቢበዛ 8 ባይት ይይዛል፤ አንድ ባይት 8 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ የሚሉ ምልክቶች) ሲሆን ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። ከባድ መኪኖች የሚመሩበት ጄ1939 የተባለው ደንብ ባለ 29 ቢት መለያ ይጠቀማል፤ ፍጥነቱም በአብዛኛው በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች በዚህ ፍጥነት የተሠሩ ናቸው።

በምን እንመዝን?

አንደኛው መመዘኛ አስቀድሜ ያነሳሁት ነው፤ ላኪው ቢሞት ይታወቃል ወይ? ሁለተኛው ጫና ነው፤ የእኛ መልእክት የመስመሩን ምን ያህል ጊዜ ይይዛል? ሦስተኛው መዘግየት ነው፤ ነገሩ ከተከሰተ በኋላ ተቀባዩ የሚያውቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው? አራተኛው ከመኪናው ነባር ኮምፒውተሮች ጋር የመጋጨት አደጋ ነው። አምስተኛው ደግሞ ወጪና ድካም ነው፤ ከተማ ዳር ባለ ጋራዥ፣ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ መልቲሜትር ሊሠራ ይችላል ወይስ ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል?

አምስቱ መመዘኛዎች እኩል ክብደት አላቸው ብዬ አላምንም። የመጀመሪያውና አራተኛው የጭነትና የሰው ደኅንነት ጉዳይ ናቸው፤ ሌሎቹ በገንዘብና በትዕግሥት ይካካሳሉ።

አንደኛ፦ በተወሰነ ጊዜ ልክ መላክ

ነገሩ ተለወጠም አልተለወጠም፣ መልእክቱ በየ100 ሚሊሰከንዱ ወይም በየሰከንዱ ይወጣል። ትልቁ ጥቅሙ መቋረጡ ራሱ ወሬ መሆኑ ነው። ተቀባዩ በየሰከንዱ መልእክት የሚጠብቅ ከሆነና ለሦስት ሰከንድ ካጣ፣ ላኪው ችግር እንደገጠመው ያውቃል፤ በቁጥሩ ፋንታ ሰረዝ ማሳየት ወይም ማንቂያ ማሰማት ይችላል። ይህ ግን ተቀባዩም አብሮ ሲዋቀር ብቻ ነው። ላኪውን በጥንቃቄ አዋቅረው የማሳያውን የመጠበቂያ ጊዜ ዜሮ ላይ የሚተዉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል፤ ዜሮ ማለት በብዙ ማሳያዎች ላይ «ለዘላለም ጠብቅ» ማለት ነው።

ሰዎች የሚሳሳቱት የጊዜውን ልክ ሲመርጡ ነው። ፈጣን ሁሉ የተሻለ ይመስላቸዋል። እስቲ እናስላው። ባለ 29 ቢት መለያ ያለውና 8 ባይት የሞላ መልእክት፣ ከቀጣዩ የሚለየው ክፍተት ተጨምሮ 131 ቢት ያህል ነው። ተመሳሳይ ቢቶች ሲደጋገሙ መስመሩ በመካከላቸው የሚያስገባቸው ተጨማሪ ቢቶች ሲታሰቡ በከፋ ሁኔታ ወደ 160 ይጠጋል። ይህ በሰከንድ 250 ሺህ ቢት ፍጥነት ከ0.52 እስከ 0.64 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ስለዚህ በየ10 ሚሊሰከንዱ የሚወጣ አንድ መልእክት ብቻውን የመስመሩን ከ5 እስከ 6 በመቶ ይወስዳል። እንዲህ ያሉ አሥር መልእክቶች ቢኖሩ ከግማሽ በላይ ተያዘ ማለት ነው። ያው መልእክት በየሰከንዱ ቢወጣ ግን ጫናው 0.06 በመቶ ገደማ ነው፤ ከነጭራሹ አይሰማም።

የመኪናው ሞተር ራሱ እንዴት እንደሚያደርግ ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። በጄ1939 የሞተሩን ዙር የሚናገረው 61444 ቁጥር መልእክት በአሥርና ሃያ ሚሊሰከንድ ልክ ይፈስሳል፤ ማርሹና ፍሬኑ ይፈልጉታልና። የሞተሩን የውሃ ሙቀት የሚይዘው 65262 ግን በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። የብረት ሞተር ሙቀት በሰከንድ አንድ ጊዜ ከበቃው፣ የአንድ ሳጥን አበባ ሙቀት በየ10 ሚሊሰከንዱ የሚነገርበት ምክንያት የለም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። መልእክቱ በሰዓቱ እየወጣ ውስጡ ያለው ቁጥር የሞተ ሊሆን ይችላል። የሴንሰሩ ሽቦ ቢበጠስ ሳጥኑ የድሮውን ቁጥር ደጋግሞ እንዳይልክ መዋቀር አለበት። ጄ1939 ለዚህ መላ አበጅቷል፤ በአንድ ባይት ውስጥ 255 ማለት «መረጃ የለኝም»፣ 254 ማለት ደግሞ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ማለት ነው። በዚሁ ደንብ የአንድ ባይት ሙቀት የሚነበበው ከተላከው ቁጥር ላይ 40 ተቀንሶ ነው፤ 44 የተላከው 4 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ማሳያዎ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ካሳየ አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ እንዲያ ያለ ብርድ ስለማይታሰብ፣ ባይቱ ዜሮ ሆኖ እየወጣ መሆኑን ይጠርጥሩ። ቦታ ካለ በመልእክቱ ውስጥ ከ0 እስከ 15 እየቆጠረ የሚዞር ቁጥር ማስገባትም እመክራለሁ፤ ቆጠራው ከቆመ የሳጥኑ ፕሮግራም ቆሟል ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ሲለወጥ ብቻ መላክ

በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ማራኪ ነው። ለውጥ ከሌለ መስመሩ ነጻ ነው፣ ለውጥ ሲኖር ደግሞ መልእክቱ ወዲያው ይወጣል። የበር መከፈትን ለመሰለ ነገር ከዚህ የፈጠነ የለም።

ነገር ግን ዝምታው ሁለት ትርጉም አለው፤ «ምንም አልተለወጠም» እና «እኔ የለሁም»። ተቀባዩ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። የጋሼ ጽጌረዳ የጠፋው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ተቃራኒው ነው፤ ዝም ማለት ሲገባው መለፍለፍ። የነዳጅ ሴንሰርን እንውሰድ። መኪናው ከአስፋልት ወርዶ ወደ ድንጋይ መፍጫ በሚወስደው ኮረኮንች ላይ ሲገባ ናፍጣው በታንኩ ውስጥ ይናጣል። በጄ1939 የነዳጅ መጠን የሚለካው በ0.4 በመቶ እርከን ስለሆነ እያንዳንዱ ንጠት ለውጥ ሆኖ ይቆጠራል፣ እያንዳንዱ ለውጥም መልእክት ይሆናል። ጥቂት መልእክት ይልካል የተባለው ሳጥን ከሁሉም በላይ መስመሩን የሚያጨናንቅ ይሆናል፤ ያውም መኪናው በሚንገጫገጭበት፣ የፍሬኑና የሞተሩ ኮምፒውተሮች በጣም በሚፈልጉት ሰዓት።

ይህን መንገድ ለብቻው ለጭነት ሙቀት፣ ለባትሪም ሆነ ለማንኛውም የደኅንነት ነገር አልመክርም።

ሦስተኛ፦ ሲጠየቅ ብቻ መመለስ

ሳጥኑ ዝም ይላል፤ ሌላ መሣሪያ ሲጠይቀው ይመልሳል። በጄ1939 ጥያቄው 59904 ቁጥር መልእክት ነው። በትንንሽ መኪኖች ላይ ደግሞ በመሪው ሥር ባለው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት፣ በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ፣ የምርመራ መሣሪያው የሚያደርገው ይኸው ነው።

ለምርመራ ጥሩ ነው፤ የመኪናውን መለያ ቁጥር ወይም የብልሽት ታሪክን ለመሰለ አንዳንዴ ብቻ ለሚፈለግ መረጃም ይስማማል። ለዘወትር ክትትል ግን ለእያንዳንዱ መረጃ ሁለት መልእክት ስለሚጠይቅ አባካኝ ነው። ሁለት ጠያቂዎች በአንድ ጊዜ ሲገጥሙም መልሱ ይደበላለቃል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ለተለመዱት የሞተር ጥያቄዎች ጨርሶ ላይመልሱ ይችላሉ።

አራተኛ፦ ቅይጡ፤ ሲለወጥ ወዲያው፣ ካልተለወጠም በየጊዜው

ሳጥኑ ለውጥ ሲኖር ይልካል፤ ለውጥ ባይኖርም በየሰከንዱ ወይም በየሁለት ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። በዚህ ላይ ሁለት ልጓም ይጨመርበታል፦ ከዚህ ያነሰ ለውጥ አይቆጠርም የሚል ወሰን፣ እና በሁለት መልእክቶች መካከል ቢያንስ ይህን ያህል ጊዜ ይለፍ የሚል ክልከላ። የመጀመሪያው የናፍጣውን ንጠት ያጠራል፣ ሁለተኛው ልፍለፋውን ይገታል።

በክሬንና በመንገድ ሥራ ማሽኖች ላይ በሚገኘው ካንኦፕን በተባለው ደንብ ይህ ሁሉ በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይሞላል። እዚያ የሚጠብቅ ወጥመድ አለ። የክልከላው ጊዜ የሚቆጠረው በመቶ ማይክሮሰከንድ ነው፣ የየጊዜው ልክ ግን በሚሊሰከንድ። በሁለቱም ቦታ 1000 ብለው ቢጽፉ አንደኛው 100 ሚሊሰከንድ፣ ሌላኛው አንድ ሰከንድ ይሆናል። በተጨማሪም ክልከላው የሚለወጠው መልእክቱ አስቀድሞ እንዲጠፋ ከተደረገ በኋላ ነው፤ አለዚያ ሳጥኑ አዲሱን ቁጥር አይቀበልም። ይህን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ደጋግሞ እየጻፈ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ድካሙ ከሁሉም ይበልጣል፤ ልኩን ለማግኘት መኪናውን ነድቶ መፈተን ያስፈልጋል። ለበር፣ ለማንቂያና ለነዳጅ ግን ከዚህ የሚሻል አላገኘሁም።

አምስተኛ፦ በመኪናው መስመር ላይ ጨርሶ አለመላክ

ሻጮች የማያነሱት አማራጭ ነው፤ እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ሙቀት መለኪያውና ማሳያው የሚነጋገሩት እርስ በርስ ብቻ ከሆነ በሞተሩ መስመር ላይ ምን አገባቸው? ለእነሱ የተለየ ሁለት የተጠማዘዘ ሽቦ ይዘርጉ፣ በሁለቱም ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ያስሩ፣ በዚያ ላይ በየሰከንዱ ይላኩ። ነገሩ ቢበላሽ የሚበላሸው የራስዎ መስመር ነው፤ ፍሬኑ አያውቀውም።

ከመኪናው ፍጥነት ወይም የነዳጅ መጠን ካስፈለገ ሳጥኑን በመስሚያ ብቻ ቅንብር ያገናኙት፤ ይሰማል፣ አንዲት ቢት አይናገርም። ሽቦውን ሳይቆርጡ ከላይ ተጣብቀው የሚያነቡ መሣሪያዎችም አሉ። ዳይምለር፣ ማን፣ ስካኒያ፣ ቮልቮ፣ ዳፍና ኢቬኮ እ.ኤ.አ. በ2002 በተስማሙበት የኤፍኤምኤስ ደንብ የተዘጋጀ መውጫ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ለእንዲህ ያለው ሥራ የለየው በር ስላለ እሱን ይጠቀሙ።

በአንድ ሰንጠረዥ

| መንገድ | ላኪው ቢሞት ይታወቃል? | የመስመር ጫና | መዘግየት | የመጋጨት አደጋ | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| በጊዜ ልክ | አዎ፣ ተቀባዩ ከተዋቀረ | የሚታወቅ፣ የማይዋዥቅ | እስከ አንድ የጊዜ ልክ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ሲለወጥ ብቻ | አይታወቅም | ከምንም እስከ ጎርፍ | እጅግ አጭር | ከፍተኛ | ዝቅተኛ |
| ሲጠየቅ | ሲጠየቅ ብቻ | በጠያቂው ይወሰናል | በጠያቂው ይወሰናል | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ቅይጥ | አዎ፣ ተቀባዩ ከተዋቀረ | ዝቅተኛ፣ ልጓም ካለው | አጭር | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የተለየ መስመር | አዎ፣ በጊዜ ልክ ከተላከ | በመኪናው ላይ ምንም | እስከ አንድ የጊዜ ልክ | የለም ማለት ይቻላል | የሽቦና የዝርጋታ ወጪ |

ለማን የትኛው?

አንድ የማቀዝቀዣ መኪና ኖሮዎት ባጀትዎ ጠባብ ከሆነ፦ አምስተኛው፣ በየሰከንዱ በሚላክ መልእክት። ርካሽ የሆኑት ኤምሲፒ2515 የተባለ የካን መቆጣጠሪያ ቺፕ ያለባቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ለዚህ ይበቃሉ። ሁለት ነገር ግን ይመልከቱ። አንደኛ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው፣ የጊዜ ምቱን የሚሰጠው ክሪስታል 8 ሜጋኸርዝ ይሁን 16 በዓይንዎ ያንብቡ፤ ፕሮግራሙ 16 እያለ ሰሌዳው 8 ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል፣ በመኪናው መስመር ላይ ቢሰካ ደግሞ የሌሎቹን ንግግር ያበላሻል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች 120 ኦም ሬዚስተር ይዘው ይመጣሉ፤ ነባሩ መስመር በሁለት ጫፍ የታሰረ ስለሆነ ሦስተኛ መጨመር የለበትም።

ብዙ መኪኖች ኖረውዎት ነዳጅና ፍጥነት ለመከታተል ከሆነ፦ መስሚያ ብቻ። የራስዎን የነዳጅ ሴንሰር በመኪናው መስመር ላይ ማሰማት ግድ ከሆነ፣ ቅይጡን ይምረጡ፤ የመልእክት ቁጥሩንም ደንቡ ለየአምራቹ ነጻ ከተወው ከ65280 እስከ 65535 ካለው ክልል ይውሰዱ። የላኪውን አድራሻ (ላኪው በመስመሩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ሲመርጡ የሞተሩን 0፣ የማርሹን 3፣ የፍሬኑን 11፣ የዳሽቦርዱን 23 አይንኩ። ሁለት ላኪዎች በአንድ መለያ የተለያየ ነገር ሲናገሩ መስመሩ ስሕተት እየቆጠረ ይሄድና በመጨረሻ አንዱን ያስወጣዋል፤ የሚወጣው የፍሬኑ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። የሞተርን ወይም የፍሬንን መልእክት አስመስሎ የሚልክ ዕቃ ግጠም ብትሉኝ፣ በምንም ዋጋ አልገጥምም። ከሞጆ በላይ ባለው መንገድ ላይ ያ መኪና ከሕዝብ ማመላለሻ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና ቻርጀር የሚያገናኙ ከሆነ፦ በጊዜ ልክ መላክ፣ ሌላ አማራጭ አይታሰብ። አንዳንድ ቻርጀሮች ከባትሪው ተቆጣጣሪ ለ5 ሰከንድ ያህል መልእክት ካጡ ኃይል ያቆማሉ። ዝምታን እንደ «አቁም» እንዲተረጉሙ ሆነው ተሠርተዋል፣ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። ጋራዥ ውስጥ ብልሽት ለመመርመር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ይበቃል፤ ሲጨርሱ መሣሪያውን ነቅለው ይውሰዱት፣ ተሰክቶ ካደረ ባትሪ ይበላል።

ከመሰካት በፊት

ባትሪውን አላቅቀው በሁለቱ የመስመር ሽቦዎች መካከል በመልቲሜትር ይለኩ። 60 ኦም አካባቢ ከሆነ ሁለቱም ሬዚስተሮች በቦታቸው ናቸው። 120 ከሆነ አንዱ ጎድሏል፤ 40 ከሆነ አንድ ሰው ከእርስዎ በፊት ሦስተኛ ጨምሯል። ከዚያ ሳጥኑን በመስሚያ ብቻ አገናኝተው ቢያንስ አንድ ሙሉ ጉዞ ያዳምጡ፤ የመረጡት ቁጥር ተይዞ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። በጠረጴዛ ላይ ሲፈትኑ ደግሞ ሳጥኑ ብቻውን አይሁን፤ «ሰማሁ» የሚለው ሁለተኛ ተሳታፊ ከሌለ አንዱን መልእክት ደጋግሞ ሲሞክር ይውላል፣ እርስዎም የሌለ ብልሽት ሲፈልጉ ይውላሉ።

የመጨረሻው ፈተና ፊውዙን መንቀል ነው። ከላይ ያነሳኋቸውን ባለንብረት መኪና ለሁለተኛ ጊዜ ስሠራ የተለየ ሽቦ ዘረጋሁ፣ ላኪውን በየሰከንዱ፣ ማሳያውን በሦስት ሰከንድ መጠበቂያ አዋቀርኩ። ፊውዙን የነቀሉት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ከማለታቸው በፊት ቁጥሩ ጠፍቶ ሁለት ሰረዝ መጣ፣ ማንቂያውም ጮኸ። ፊውዙን መልሰው ሰኩና እንደገና ነቀሉት፤ ለሹፌሩም እንዲሁ አድርጎ እንዲያይ ሰጡት።